ስለ ባሕር ማዶ ትምህርት መግለጫዎችና «ዕድል» ስለሚባለው ቃል

ባሕር ማዶ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ለመሳብ የሚያሳትሟቸው ትንንሽ መግለጫዎች ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ የድርሰት ዓይነት ሆነዋል። ግጥምን፣ ልብ ወለድንና ቲያትርን የሚተች ሰው በአገራችን አይጠፋም፤ እነዚህን ወረቀቶች ግን ተቀምጦ የሚተች አላየሁም። ይሁን እንጂ መጥፎ ልብ ወለድ አንባቢውን ከጥቂት ሰዓት በቀር ምንም አያስከፍለውም፤ የነዚህ ወረቀቶች ግማሽ እውነት ግን የአባትን ቤት ያሲዛል፣ የእናትን ወርቅ ያሸጣል። ስለዚህ እንደ ማንኛውም ድርሰት ልመረምራቸው አስቤአለሁ። ለምሳሌም የባዮቴክኖሎጂን ትምህርት የሚያስተዋውቁትን መርጫለሁ፤ ወጣቶች አዘውትረው «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» እያሉ የሚያመጡልኝ እነዚህን ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ ለትምህርቱ ያለኝን አክብሮት ልናገር። ባዮቴክኖሎጂ ማለት ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በጥበብ ለሰው ጥቅም ማዋል ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን ሊጡን በእርሾ የሚያቦኩ፣ ጠላውን የሚጠነስሱ እናቶቻችንም የጥበቡ ባለሞያዎች ናቸው። የዛሬው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዷል። ለስኳር በሽተኛ የሚሰጠው ኢንሱሊን ቀድሞ ከታረዱ ከብቶችና ከዐሣማዎች ቆሽት ይወጣ ነበር፤ በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊቃውንት የኢንሱሊንን ዘረ መል በባክቴሪያ ውስጥ አግብተው ባክቴሪያው የሰውን ኢንሱሊን እንዲሠራ አደረጉ፤ በ1982ም መድኃኒቱ እንዲሸጥ ተፈቀደ። እንዲህ ያለውን ዕውቀት የሚመኝ ወጣት ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም። ነቀፋዬ በወረቀቱ ላይ ነው።

እንግዲህ አንዱን እንክፈተው። በሽፋኑ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ ብልቃጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ትመለከታለች። (በላቦራቶሪ የሚውሉ ሰዎች እንደነገሩኝ የቀኑ ሥራ አብዛኛው ጠብታ መለካት፣ መመዝገብና መጠበቅ ነው፤ ብልቃጥ ወደ ብርሃን የሚያነሣው ፎቶግራፍ አንሺ ሲመጣ ብቻ ነው።) ከሥዕሉ ቀጥሎ «ዕድል» የሚለው ቃል ይመጣል፤ በአራት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርሁት።

ይህ ቃል በቋንቋችን ከባድ ነው። «ዕድል ፈንታ» ስንል ለሰውየው የተመደበለትን፣ የራሱ የሆነውን ድርሻ ማለታችን ነው። ፈረንጁ የጻፈው ግን ሊሆንም ላይሆንም የሚችለውን ነገር ነው። ደላላው ሲያስረዳን ይህን ሁለተኛውን ትርጉም ትቶ የመጀመሪያውን ይሰጠናል። ከደላሎቹም ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ ለሚያስገቡት ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው አበል የሚቀበሉ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ አገሩን ነገር በዝርዝር ላሳይ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያምታታው እርሱ ነውና። እዚያ የማስተርስ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓመት ያልቃል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የተመረቀ የውጭ አገር ተማሪ ሁለት ዓመት ተቀምጦ እንዲሠራ፣ ዶክትሬት ያገኘውም ሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ተፈቀደ። መግለጫው ይህን የሥራ ዕድል ይለዋል። ነገር ግን የተሰጠው የመቀመጥ ፈቃድ እንጂ ሥራ አይደለም፤ የገበያው በር ተከፈተልህ ማለት እህልህ ተሸጠ ማለት አይደለም። ፈቃዱም ቢሆን የጸና አይደለም። ይህን የመሰለ ፈቃድ ቀድሞ ነበረና በ2012 ተዘግቷል፤ የአሁኑም ዶክትሬት ለሌላቸው፣ ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ አሥራ ስምንት ወር እንዲያጥር ተወስኗል።

ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ለመቆየት የሚፈልግ ሰው የሚያስቀጥር ኩባንያ ማግኘት አለበት፤ ኩባንያውም ከተወሰነ ወለል በታች ደመወዝ እየከፈለ ሊያስቀጥረው አይችልም። ይህ ወለል በ2024 መጀመሪያ በዓመት 26,200 ፓውንድ ነበረ። በአፕሪል 2024 ወደ 38,700፣ በጁላይ 2025 ወደ 41,700 ከፍ አለ። አሥራ ስድስት ወር በማይሞላ ጊዜ 15,500 ፓውንድ ተጨመረ ማለት ነው። ለአዲስ ምሩቅ ለጥቂት ዓመታት ዝቅ ያለ ልክ ይፈቀድለታል፤ ቢሆንም ብዙ ጀማሪ የላቦራቶሪ ረዳቶች የሚያገኙት ከዚያም ያነሰ ነው። ስለዚህ በ2023 ማብቂያ ላይ ትምህርቱን የጀመረ ልጅ ሲገባ ያየው ወለል ሲመረቅ ጣራ ሆኖ ጠበቀው። እንግሊዞች በአገራቸው የወደዱትን ሕግ ማውጣት መብታቸው ነው፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ሕጉ እንደሚለዋወጥ እያወቀ የሁለት ዓመቱን ነገር በትልቅ ፊደል፣ የደመወዙን ነገር ግን ከነጭራሹ ሳይጽፍ የሚቀረውን ሰው ግን እወቅሳለሁ።

በአሜሪካ ከምረቃ በኋላ አሥራ ሁለት ወር፣ ለሳይንስ ተማሪም ተጨማሪ ሃያ አራት ወር ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያዎች የሚሻሙበት የሥራ ቪዛ ለሞያው ሁሉና ለዓለም ሁሉ በዓመት 85,000 ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። በጀርመን አገር በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ነገር ግን ለአንድ ዓመት ኑሮ የሚሆን ገንዘብ፣ በ2025 ልክ 11,904 ዩሮ፣ አስቀድሞ በባንክ ታስሮ መቀመጥ አለበት።

ሌላው የነዚህ ጽሑፎች ጉድለት ታሪክን ከመጨረሻው ብቻ መንገራቸው ነው። አንዱ መግለጫ የካታሊን ካሪኮን ፎቶግራፍ አትሟል። እኚህ ሀንጋሪያዊት ሊቅ ለኮቪድ ክትባት መሠረት በሆነው ምርምራቸው በ2023 ከድሩ ዋይስማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ወረቀቱ የማይናገረው ግን በ1985 ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ዶክትሬታቸውን ይዘው እንደ ነበረ፣ መኪና ሽጠው ያገኙትን ገንዘብ በልጃቸው የድብ አሻንጉሊት ውስጥ ደብቀው እንደ ወጡ፣ በ1995 ከማዕርጋቸው ዝቅ እንደ ተደረጉ፣ በ2005 ያወጡትንም ታላቅ ጥናት ያን ጊዜ ልብ ያለው ሰው ጥቂት እንደ ነበረ ነው። ከመምጣታቸው እስከ ሽልማቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። ይህን ታሪክ አሥራ ስምንት ወር የሥራ ፍለጋ ለተሰጠው ልጅ እንደ ምሳሌ ማሳየት ደግ ሥራ አይመስለኝም።

ከኛ ወገን ምሳሌ ቢፈለግ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አሉ። ከዓለማያ ተመርቀው በ1978 በአሜሪካ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ፤ ቀጥሎም በሱዳን የማሽላ ዘር በማዳቀል ሠሩ። አቀንጭራን የማያውቅ የማሽላ ገበሬ የለም። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ በአፈር ውስጥ ዓመታት ይተኛና የማሽላው ሥር የሚያወጣው ቅመም ሲደርሰው ብቻ ይነቃል፤ ነቅቶም ሥሩን ይመጠምጠዋል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ያንን ቅመም እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎችን ለይተው ከሌሎች ጋር አዳቀሉ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ኑሯቸው አሜሪካ ነው፤ ስለዚህ የእርሳቸውን ስም የማነሣው «ተመለሱ» ለማለት አይደለም። የተመራመሩት የትም ይሁን የት፣ ጥያቄው ከእርሻ የመጣ ስለ ነበረ የሚፈልጋቸው ሰው አላጡም። በመግለጫዎቹ ውስጥ ግን ተማሪው ይዞት ስለሚመጣው ጥያቄ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም፤ የሚጠየቀው የባንክ ወረቀቱ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ከነዚህ ወረቀቶች አንዱ በእጅህ ቢገባ ቅጽሉን ሁሉ ሰርዘህ ቁጥሩን ብቻ ፈልግ። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲሁ አድርጎ የቀረለት ጥቂት ስለ ነበረ ለሁለት ትምህርት ቤቶች አራት ጥያቄ ጽፎ ላከ፦ ተማሪው በዓመት ስንት ሳምንት በገዛ እጁ በላቦራቶሪ ይሠራል? በአንድ መሣሪያ ላይ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ከባለፈው ዓመት የውጭ አገር ምሩቃን ስንቶቹ በዚሁ ሞያ ተቀጠሩ? ቪዛ ቢከለከል የተከፈለው ገንዘብ ይመለሳል? አንደኛው በሳምንቱ በአንድ ገጽ መለሰለት፤ ቁጥሩ የሚያስደስት አልነበረም፣ ነገር ግን ቁጥር ነበረ፤ ልጁም ለዚያው አመለከተ። ሁለተኛው ያንኑ ባለ አራት ገጽ መግለጫ ደግሞ ላከለት።