መጀመሪያ አንባቢ፣ ቀጥሎ አሳታሚ፤ ከሕንድ ደራሲያን ልምድ

ለጀማሪ ደራሲ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚመጣው። አንደኛው ስለ አጻጻፍ ነው፤ ቋንቋህን አጥራ፣ ገጸ ባሕርይህን ሕያው አድርግ፣ የጻፍከውን ደጋግመህ ሰርዝ ይላል። ሁለተኛው ስለ ማሳተም ነው፤ እገሌን ተዋወቅ፣ ደብዳቤህን እንዲህ አድርገህ ላክ፣ እምቢ ቢሉህ ተስፋ አትቁረጥ ይላል። ሁለቱም ክፉ ምክር አይደሉም። ዳሩ ግን በመካከላቸው አንድ ጥያቄ ተዘሎ ይቀራል፤ ለመሆኑ የምትጽፈው ለማን ነው? ይህ ካልተመለሰ የቀረው ምክር ሁሉ መሠረት የለውም እንላለን። ለዚህም የሕንድን ደራሲያን ምስክር እንጠራለን። የሕንድ ወጣት ብዕር ሲያነሣ ከብዙ ቋንቋዎች መካከል አንዱን መምረጥ አለበት፤ ቋንቋውን ሲመርጥ ደግሞ፣ ወደደም ጠላም፣ አንባቢውንና አሳታሚውን አብሮ መረጠ ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ከጻፉት እንጀምር። ሙልክ ራጅ አናንድ የአንድን መጸዳጃ ጠራጊ ወጣት የአንድ ቀን ውሎ የተረከበት «የማይነካው» የተባለው ልብ ወለድ በ19 አሳታሚዎች ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሊታተም የቻለው እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር መቅድም ስለጻፈለት ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአር. ኬ. ናራያን «ስዋሚና ጓደኞቹ»ም ዕጣው ከዚህ አልራቀም። ናራያን እምቢታው ሲበዛበት እንግሊዝ አገር ለነበረ ወዳጁ፣ ጽሑፉን ድንጋይ አስረህበት ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ጣልልኝ ብሎት ነበር። ወዳጁ ግን አልጣለውም፤ ለደራሲው ለግራሃም ግሪን አሳየው፤ ግሪንም አሳታሚ ፈለገለት። ታዲያ ግሪን የመጽሐፉን ርእስ ብቻ ሳይሆን የደራሲውን ስም ጭምር ለእንግሊዝ አንባቢ እንዲመች አስለወጠው!

እኛ ፎርስተርንም ግሪንንም አንወቅስም፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። የምንለው ሌላ ነው። የሁለቱም መጻሕፍት ሕይወት የሕንድ ሆኖ ሳለ ዳኛው ባሕር ማዶ ተቀምጦ ነበር። የአንድ ድርሰት ዕድል በአንድ ደግ ሰው እጅ ላይ ሲንጠለጠል፣ ደራሲው ዕድለኛ ሆነ ይባል እንደሆን እንጂ መንገድ ተገኘ አይባልም። ናራያን ራሱም ይህ ሳይገባው የቀረ አይመስለንም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከለንደን ሲያቆራርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ማይሶር ላይ የራሱን አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ።

ፕሬምቻንድ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ በኩል ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1908 በኡርዱ ያሳተመውን የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ወረሱበት፤ እሱም የብዕር ስሙን ለውጦ ቀጠለ። «ሴቫሳዳን» የተባለውን ልብ ወለድ ቀድሞ የጻፈው በኡርዱ ነው፤ ቀድሞ የታተመው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ በሂንዲ ነው። የኡርዱው ቅጂ ዓመታት ጠብቆ ነው የወጣው። አየን አይደል? የኅትመት ችግር የቋንቋ ጉዳይ ሆነ፤ ቋንቋው ደግሞ ሌላ አንባቢ አመጣ። በ1936 በወጣው በ«ጎዳን»፣ አንዲት ላም ሲመኝ በዕዳ የተጠመደውን ገበሬ ሆሪን ስናገኘው፣ ፕሬምቻንድ የገበሬውን ችግር ከሩቅ የሚያስጎበኝ ሰው አይደለም። የላም ትርጉም ምን እንደሆነ ለባዕድ ማስረዳት አላስፈለገውም። አንባቢው ያውቀዋላ! የአጻጻፉ ኃይልም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

በማላያላም ቋንቋ የጻፈው ቫይኮም ሙሐመድ ባሽር ይህን ከሁሉም አጥብቆ ይዞታል። ባሽር መጻሕፍቱን ተሸክሞ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ ኋላም ኤርናኩላም ከተማ መጽሐፍ ቤት ከፍቷል። «የፓቱማ ፍየል» በተባለው ሥራው ውስጥ ታናሽ ወንድሙ ጽሑፉን አንብቦ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የት አለ፣ ማሰሪያ አንቀጹስ እያለ ይሞግተዋል። ባሽር ግን ሰው እንደሚናገር መጻፉን አልተወም። መጽሐፉን በእጁ ለገዢው የሚያቀብል ደራሲ የገዢውን አነጋገር ቢያውቅ ምን ያስገርማል?

እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ማተሚያ ቤት ይክፈት ልንል ነው? ኧረ አይደለም። ፕሬምቻንድ እ.ኤ.አ. በ1923 ቤናሬስ ላይ ያቋቋመው ማተሚያ ቤት ዕዳ ውስጥ ከትቶታል፤ በ1934 ቦምቤይ ሄዶ ለፊልም እስከመጻፍ አድርሶታል። ብቻውን የሚሸከም ጀርባው ይጎብጣል። ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት የኬራላ ደራሲያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 ኮታያም ከተማ ላይ 12 ሆነው የጸሐፍት ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ፤ መጽሐፉን ራሳቸው አሳትመው ለደራሲው 30 በመቶ ድርሻ ይከፍሉ ነበር። አሳታሚ ከመለማመጥ ራሳቸው ተሰባስበው አሳታሚ ሆኑ።

የለንደን በር ዛሬም አልተዘጋም፤ እንዲያውም ለተተረጎሙ ድርሰቶች የሚሰጠው የኢንተርናሽናል ቡከር ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2022 በሂንዲ ለጻፈችው ለጊታንጃሊ ሽሪ፣ በ2025 ደግሞ በካናዳ ቋንቋ ለጻፈችው ለባኑ ሙሽታቅ፣ ከነተርጓሚዎቻቸው ተሰጥቷል። ሽልማቱን የጥሩ ድርሰት መለኪያ አናደርገውም። ነገር ግን ሁለቱም መጀመሪያ የጻፉት በአገራቸው ቋንቋ ለአገራቸው አንባቢ መሆኑን ልብ እንበል።

ስለዚህ ለሕንዱ ወጣት ምክር እንስጥ ከተባለ የእኛ ምክር ይህ ነው፦ የአሳታሚ አድራሻ ከመፈለግህ በፊት የጻፍከውን ስለ እነሱ ለጻፍክላቸው ሰዎች አንብብላቸው። የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ እንዳዛጉ ልብ በል፤ የምትሰርዘውን ያኔ ታውቀዋለህ። ከዚያም እንዳንተ የሚጽፉትን ፈልግና ወጪውን ተካፈሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ለዚች መጽሔት ጽሑፍ የምናዘጋጅ እኛም ብንሆን ምክሩ አይመለከተንም አንልም። ጓደኞቻችን አንብበው ያልገባቸውን ግጥም የሩቅ ሰው ይረዳልናል ብለን የምንጽናና ስንቶቻችን ነን?