ጉርድ ፎቶግራፍ

ዳንግላ፣ አጎቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በ1960ዎቹ የተነሡት አንድ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ጎፈሬያቸው እንደ ዘውድ ከቧቸዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ኮቱ ላይ ተዘርግቷል፤ አገጫቸው ቀና ብሏል። አንሺው «ትንሽ ወደዚህ፣ ቀና!» እንዳላቸው ያስታውቃል። ዛሬ ጸጉር የሚባል አልቀረላቸውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ግድግዳው እያመለከቱ በገዛ ጎፈሬያቸው ይስቃሉ።

ይህ ፎቶግራፍ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ነው። በመስታወት ውስጥ የተደረደረው አጽም ያስደነግጣል። እኔን ግን ይዞ ያስቀረኝ የፎቶግራፎቹ ግድግዳ ነበር። ያው ጎፈሬ፣ ያው ኮሌታ፣ ያው ቀና ያለ አገጭ። (ቃሉንም ልብ በሉት፤ «ጉርድ» ማለት የተቆረጠ ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ ይህን የሚያስብ ግን የለም።)

የካምቦዲያውን የቱኦል ስሌንግ እስር ቤት ፎቶግራፎች ያየ ሰው ሁለቱን ማነጻጸሩ አይቀርም። እነዚያን ያነሣው እስር ቤቱ ራሱ ነው፤ እስረኛው ገና ሲገባ፣ ፊቱ በፍርሃት እንደተዋጠ። እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ሲቀርቡም ተመልካቹ የሚያየው በገዳዩ ዓይን ነበር። የእኛዎቹ ግን አብዛኞቹ የሰፈር ፎቶ ቤት ሥራ ይመስላሉ፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ምናልባትም ለሴት ጓደኛ ማስታወሻ። ጸጉር ተበጥሯል፤ ተከፍሎበታል። መብራቱ ከጎን መጥቶ ግማሽ ጉንጭን ያደምቃል፣ ግማሹን ለጥላ ይተወዋል። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ የከሰከሰው እዚያው አደባባይ ላይ ነው። ፊቶቹ ስለ ጠርሙሱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው አለማወቃቸው ነው። ቢያለቅሱ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ቅር ያለኝ አደራደሩ ነው። እጅግ ከመጠጋጋታቸው የተነሣ ዓይን አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ሺህ ፊት አንድ ፊት ይሆናል። ትንሿ ፎቶግራፍ ስትጎላ ደግሞ ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይቀራሉ።

ስለዚህ አንዱን መርጬ ፊቱ ቆምኩ። ልጅ እግር ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል፤ የራሱ አይመስልም። ዳንግላ ስመለስ አጎቴን ስለ ኮታቸው ጠየቅኋቸው።

«የፎቶ ቤቱ ነው እንጂ!» አሉኝ እየሳቁ። «ተራ ጠብቀን ነበር የምንለብሰው።»