ቃታው ሥር ያለችው ባለ ሦስት እግር

የተበላሸ ድሪል ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍርዱን ቤቱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይላል፤ ወይም «ማብሪያው ነው፣ አዲስ ግጠምልኝ» ብሎ ያዘኛል። እኔ ዊንጣ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ቃታውን ቀስ ብለህ ስትጫነው ምን ያደርጋል? ልብ ብሎት የማያውቅ ይበዛል። ልብ ያለው ግን ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል።

ፍጥነቱ በቃታ የሚቀንስና የሚጨምር ድሪል፣ ማብሪያው ውስጥ ትራያክ የምትባል ባለ ሦስት እግር ዕቃ አለችው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል። ትራያኳ በያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ ትንሽ ዘግይታ ማሳለፍ ትጀምራለች፤ ሞገዱ ዜሮ ሲደርስ ራሷ ታቆማለች። ምን ያህል እንደምትዘገይ የሚወስኑት ቃታው የሚያንቀሳቅሰው ሬዚስተርና አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ናቸው። ካፓሲተሯ 30 ቮልት ገደማ ስትሞላ ዳያክ የሚባለው ጓደኛዋ ይለቅና ጌት የሚባለውን የትራያኳን እግር ይቀሰቅሰዋል። ብዙ ማብሪያዎች ከዚህ ሌላ፣ ቃታው እስከ ጥግ ሲጫን ትራያኳን ዘሎ ሞተሩን በቀጥታ ከመስመሩ የሚያገናኝ ኮንታክት አላቸው። የምርመራው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ድሪሉ ገና ሲነካ በሙሉ ፍጥነት ከተነሳ ትራያኳ ሾርት ሆናለች፤ ከተራ ሽቦ አትለይም። ቀስ ሲጫኑት ዝም ብሎ እስከ ጥግ ሲጫኑት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወይ ትራያኳ ተበጥሳለች፣ ወይ የሚቀሰቅሳት ጠፍቷል። እየተንቀጠቀጠና እያጉረመረመ የሚዞረው፣ ግማሹ ሞገድ ብቻ እየደረሰው ነው። ይሄኛውን «ይሠራል እኮ» ብሎ የሚገፋበት ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል።

በቀደም አንድ አናጺ ድሪሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አብዷል» አለኝ። «እንዴት አበደ?» ስለው፣ «ገና ስነካው ይበራል። ብሎን ማሰር አቃተኝ፣ ጭንቅላቱን እየበላ ጨረሰብኝ።» ከዚህ የተሻለ የምርመራ ውጤት ከየትም አይገኝም።

ሶኬቱን ነቅዬ ቀፎውን ከፈትኩት። ገመዶቹ ሳይነኩ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው፤ ግራና ቀኝ የሚያዞረው መቀየሪያ ያለበት ድሪል አንድ ሽቦ ከተዛወረበት መልሶ ማግኘቱ ጭቅጭቅ ነው። ማብሪያውን አውጥቼ ዋናዎቹን ሁለት እግሮች በመልቲሜትር ለካኋቸው። ጤነኛ ትራያክ በሁለቱ መካከል ምንም አታሳይም፤ ይቺ ዜሮ አጠገብ ቆመች። ከጌቱ እስከ መጀመሪያው እግር ግን ጤነኛም ብትሆን ዝቅ ያለ ንባብ ይኖራል፤ ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ኦም። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ስንቷን ደህና ትራያክ ሾርት ናት ብሎ ጥሏል።

አሁን «አገኘኋት» ብሎ ቀይሮ መክደን ይቻላል፤ ብዙ ቦታ የሚደረገውም ይኸው ነው። እኔ ግን የሞተችን ትራያክ የማያት እንደ ምስክር እንጂ እንደ ጥፋተኛ አይደለም። 700 ዋት የሚባል ድሪል በ220 ቮልት የሚስበው 3 አምፔር ከምናምን ነው፤ 12 አምፔር የምትችል ትራያክ ለዚህ አታንስም። ታዲያ ምን ነካት? መሰርሰሪያው ብረት ውስጥ ነክሶ ሞተሩ ሲቆም፣ የሚሳበው ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ይዘላል። ለረጅም ጊዜ በዝግታ እያሠሩ ማስጨነቅም እንዲሁ ነው፤ ማራገቢያው ያለው ሮተሩ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ሲዘገይ ነፋሱም ይሞታል። ሦስተኛው ካርቦኑ ነው። የአናጺው ካርቦኖች ከ5 ሚሊሜትር በታች አልቀዋል፣ አንደኛው ጠርዙ ተሸርፏል፣ ሮተሩ ላይ ያለው የመዳብ ቀለበትም ጠቁሯል። እንዲህ ያለ ካርቦን ሮተሩ ሲሽከረከር እሳት ይተፋል፤ የሚፈጥረው ድንገተኛ ግፊት ደግሞ የሚያርፈው ትራያኳ ላይ ነው። ቀለበቱን ላሚና በላሚና ለካሁት፣ ንባቡ እኩል ወጣ። ባይወጣ ኖሮ ወሬው ስለ ጥቅለላ ይሆን ነበር፤ ለትራያክ ብር ማውጣትም አያስፈልግም።

ምትኳን ሲመርጡ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ አይበቃም። 220 ቮልት የምንለው ጫፉ 311 ይደርሳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ የ400 ቮልቷን አልነካም፤ 600 ወይም 800 ነው የምገዛው። ከዚያ ፊደሏ አለች። ቢቲኤ 16 እና ቢቲቢ 16 ቁጥራቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን የቢቲኤ የጀርባ ብረት ከውስጧ ተነጥሎ የተሠራ ሲሆን የቢቲቢው ከመካከለኛው እግር ጋር የተገናኘ ነው። ቢቲኤ በነበረበት ቢቲቢ የገጠመ ሰው፣ ማቀዝቀዣ ብረቱን በ220 ቮልት አስሮ ነው የሚከድነው። ድሪሉ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ነገሩ ክፉ የሚሆነው። ሻጩ «ያው ናት» ሲል ዝም ብሎ ፊደሏን ማየት ነው።

አዲስ ተብላ የተሸጠችውንም ሆነ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለችውን ሳልፈትን አልበይድም። ፈተናው ቀላል ነው፤ ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ የፍሬቻ አምፖልና የ100 ኦም ሬዚስተር። አምፖሉን ከትራያኳ ጋር በተከታታይ አስሬ ጌቷን በሬዚስተሩ ከፖዘቲቭ ጋር አንዴ ነካ አደርጋለሁ። አምፖሉ መብራት አለበት፤ ጌቱን ስለቀውም እንደበራ መቆየት አለበት። ሳልነካት የበራች ወይም ስለቃት የጠፋች ትራያክ ወደ ሻጩ ትመለሳለች።

ብየዳው ራሱ ብዙ አያስወራም። አሮጌው እርሳስ በደንብ ይነሳ፣ መዳቡ ከቦርዱ እንዳይላጥ ሙቀቱ አይቆይበት፣ ከጀርባዋ ስስ ቴርማል ፔስት ይቀባ። መጀመሪያ የማበራው ግን ባለ 100 ዋት ቢጫ አምፖል በተከታታይ አስገብቼ ነው። አንድ ቦታ ሾርት ቀርቶ ከሆነ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይነግረኛል፤ ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማያልፍ አዲሷ ዕቃ አትጎዳም። ኤልኢዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ስለዚህ ቢጫ አምፖል ባገኘሁ ቁጥር ገዝቼ አስቀምጣለሁ።

ከአናጺው ጋር የተጨቃጨቅነው በካርቦኑ ነው። «ገና ይሠራል ጋሼ፣ ያቺን ብቻ ቀይርልኝ» አለ። እንቢ አልኩት፤ በአሮጌ ካርቦን ቀይሬ ብሰጠው ተመልሶ የሚመጣው እኔው ጋ ነው፣ ያኔም «ዕቃህ ፎርጅድ ነው» ሊለኝ ነው። ትራያኳና ሁለቱ ካርቦኖች ተደምረው ከአንድ ሙሉ ማብሪያ ዋጋ እንደሚያንሱ አስልቼ ሳሳየው እሺ አለ። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ቃታውን ደጋግሞ ቀስ እያለ ሞክሮ፣ ያለቁትን ካርቦኖች ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። «ለግራይንደሬ ይሆናሉ» ብሎኝ ወጣ።