የቪልም ቅዳሜና እሁድ፦ ዕድሉ ሲወራ ምክንያቱ ተረሳ

ስለ አሉሚኒየም ቅይጦች ስታነቡ አንድ ታሪክ አታጡም። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም በ1906 (እ.ኤ.አ.) መዳብና ማግኒዚየም የገባበትን አሉሚኒየም አሞቀ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ጥንካሬውን ለካ፤ ውጤቱ አላረካውም። ቅዳሜና እሁድን አርፎ ሲመለስ ያው ቅይጥ ተቀምጦ ጠንክሮ ጠበቀው። «የአጋጣሚ ግኝት» ይሉናል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ አነጋገሩ ግን ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛ፣ አጋጣሚ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ክብሩ ለራይት ወንድማማቾች በሆነ ነበር። በ1903 የበረረው አውሮፕላናቸው የሞተር አካል 8 በመቶ ገደማ መዳብ ካለው አሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ነው። በ1994 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ያ ቅይጥም በዚሁ መንገድ ጠንክሯል። ሠሪዎቹ ግን አላወቁትም። ቪልም የለየው የለካውን መልሶ በመለካቱ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል፤ ታሪኩ «ለምን?» የሚለውን ይዘለዋል። መልሱ መታየት የጀመረው በ1919 ነው፤ አሜሪካዊው ሜሪካና ባልደረቦቹ ትኩስ አሉሚኒየም ከቀዝቃዛው ይልቅ ብዙ መዳብ እንደሚያሟሟ ጠቆሙ። ማርን አስቡት፦ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቆይ ስኳሩ ተለይቶ ይረጋል። ቅይጡም በድንገት ሲቀዘቅዝ መዳቡ መውጫ ያጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ በጣም ደቃቅ በሆኑ ክምችቶች ይሰበሰባል። እነሱም የአቶም ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተቱ ይገታሉ። በ1938 ፈረንሳዊው ጊኒየርና ብሪታንያዊው ፕሬስተን፣ ለየብቻቸው፣ ክምችቶቹን በኤክስሬይ አገኟቸው።

ስለዚህ «በሙቀት ጠነከረ» ማለት ግማሽ እውነት ነው። ከፍተኛው ሙቀት ያሟሟል፣ ውሃው ያግታል፣ የሚያጠነክረው ቆይታው ነው። ቆይታውን ለማፋጠን መለስተኛ ሙቀት ይረዳል፤ ሲበዛ ግን ክምችቶቹ ይወፍራሉ፣ ይራራቃሉ፣ ቅይጡም መልሶ ይለሰልሳል።

ይሄ ደግሞ የታሪክ ክርክር ብቻ አይደለም። 6061-ቲ6 የሚባለውን፣ ለብስክሌት አካል ጭምር የሚውለውን ቅይጥ ውሰዱ። የሚያጠነክሩት ማግኒዚየምና ሲሊከን ናቸው፤ መንገዱ ግን ያው ነው። ሳይመለስ መጣመም የሚጀምረው 275 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲለሰልስ ግን ወደ 55 ይወርዳል። በያጅ ሲበይደው ከስፌቱ አጠገብ ያሉት ክምችቶች ይሟሟሉ ወይም ይወፍራሉ፣ ጥንካሬውም በእጅጉ ይቀንሳል። ስፌቱ ያማረ ቢሆንም ከጎኑ ሊሰበር ይችላል። ሙቀት ሁሌ ያጠነክራል ብሎ የተማረ ሰው ይህንን ከየት ይጠረጥራል?

የቪልምን ታሪክ አታውሩ አልልም። ስታወሩት ግን እነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ መዳቡ ምን ሲሠራ እንደነበር ጨምሩበት።