ኔትወርኩ ላይ ያለውን ማወቅ

የአንድን ድርጅት የአይቲ ሀብት መቁጠር ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል፤ ምን መኖር አለበት? ምንስ አለ? ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጠው ሰው በእጁ የሚሞላው መዝገብ ነው። የትኛው ሰርቨር ለምን ሥራ እንደተገዛ፣ የት እንደተገጠመ፣ ምን አይፒ አድራሻ እንደተሰጠው፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ለሁለተኛው መልስ የሚሰጠው ኔትወርኩን እየዞረ የሚፈትሽ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ መልሶች በየትኛውም ድርጅት ሙሉ በሙሉ ገጥመው አይገኙም። ሙያው የሚፈለገውም በማይገጥሙበት ቦታ ነው፤ መዝገቡ የማያውቀው መሣሪያ ኔትወርኩ ላይ ሲገኝ፣ ወይም መዝገቡ አለ የሚለው ሲታጣ።

ፍተሻው ከቀላሉ ይጀምራል። ማይክ ሙስ በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። 254 መሣሪያ የሚይዝ የተለመደ የቢሮ ኔትወርክን በዚህ መንገድ ለመዞር ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃል። ችግሩ መልስ ያልሰጠ ሁሉ የለም ማለት አለመሆኑ ነው፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ፋየርዎል ለፒንግ መልስ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ጎርደን ላየን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤንማፕ ከዚህ አልፎ ፖርቶችን ያንኳኳል፤ ክፍት ካገኘም ከጀርባው የሚሠራው ፕሮግራም ምን እንደሆነና ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ ለመለየት ይሞክራል።

ከማንኳኳት ይልቅ ግን የሚያውቀውን መጠየቅ ይሻላል። ስለ ኔትወርኩ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት ስዊቾችና ራውተሮች ናቸው። ለፒንግ ዝም ያለ ኮምፒውተር እንኳ ከሌላው ጋር ለመነጋገር ማክ አድራሻውን ማሳወቅ ግድ ይሆንበታል። ስዊቹ የትኛው ማክ አድራሻ በየትኛው ፖርት እንደመጣ በሰንጠረዥ ይይዛል፤ ራውተሩም የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ለማንበብ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ኤስኤንኤምፒ የተባለ ፕሮቶኮል በፖርት 161 ያገለግላል። ኤልኤልዲፒ የሚባለው ደግሞ ጎን ለጎን የተያያዙ መሣሪያዎች ማንነታቸውን በየጊዜው እንዲያስተዋውቁ ያደርጋል፤ እንደ ልማዱ በየ30 ሴኮንዱ። ሶፍትዌሩ ከአንድ ስዊች ተነሥቶ ጎረቤቱን፣ ከዚያም የጎረቤቱን ጎረቤት እየጠየቀ የሕንፃውን ኔትወርክ ካርታ ይስላል። አይፒ ስድስት ባለበት ደግሞ ሌላ አማራጭ የለም። በአንድ የተለመደ የአይፒ ስድስት ንዑስ ኔትወርክ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን እያንኳኩ ለመጨረስ ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል።

የመሣሪያውን ውስጥ ለማየት መግባት ያስፈልጋል። ሊኑክስ ላይ በኤስኤስኤች፣ ዊንዶውስ ላይ በደብሊውኤምአይ መግባት አንዱ መንገድ ነው፤ እንደ ኦሲኤስ ኢንቬንተሪ ያለ ሶፍትዌር ኤጀንት በየኮምፒውተሩ ላይ መጫን ሌላው። ኤጀንቱ ከቢሮ ውጭ ያለውን ላፕቶፕ ጭምር ይደርስበታል። የመጀመሪያው መንገድ ግን የብዙ ማሽኖችን የይለፍ ቃል በአንድ ሰርቨር ላይ ያከማቻል፤ ያ ሰርቨር ቢሰበር ሁሉም ተሰበረ ማለት ነው። ስለዚህ ለፍተሻ የሚሰጠው አካውንት ከማንበብ በቀር ሌላ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም፤ ይህም ለነገ የሚባል አይደለም።

ፍተሻ ራሱ ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜም አለ። አንዳንድ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 የደረሳቸውን ሁሉ በወረቀት ላይ ያትማሉ። ለዚህ ሲባል ኤንማፕ የፕሮግራም ቨርዥን ሲለይ ከ9100 እስከ 9107 ያሉትን ፖርቶች ሳይነካ ያልፋል። የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎችና የሆስፒታል መሣሪያዎች ከዚህም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ባለሙያ ሳያውቅ መፈተሽ የለባቸውም።

ከሁሉ የሚከብደው መሣሪያውን ማግኘት ሳይሆን ማንነቱን መለየት ነው። ዛሬ የታየው ላፕቶፕ ትናንት የታየው ነው ወይስ ሌላ? አይፒ አድራሻው በዲኤችሲፒ የሚታደል ስለሆነ ነገ ለሌላ ይሰጣል። የማሽኑ ስም ሠራተኛው ሲቀየር ይቀየራል። ማክ አድራሻ የተሻለ ይመስላል፤ ከ48 ቢቱ የመጀመሪያዎቹ 24 አምራቹን ያመለክታሉና። ነገር ግን አንድ ላፕቶፕ ለኬብሉ አንድ፣ ለዋይፋዩ ሌላ ስለሚኖረው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ስልኮችም ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለየዋይፋዩ የተለያየ የዘፈቀደ አድራሻ ያሳያሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ሆነው ይመዘገባሉ። ከሁሉ የሚታመነው የፋብሪካ ሴሪያል ቁጥር ነው። እሱም ቢሆን በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ ሳይሞላ ቀርቶ በቁጥሩ ቦታ «አምራቹ ይሞላዋል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይገኛል፤ በሴሪያል ብቻ የሚተማመን ሶፍትዌር እንዲህ ያሉትን ሃምሳ ኮምፒውተሮች አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ቨርቹዋል ማሽን ሲባዛም መለያው አብሮ ሊባዛ ይችላል።

ጥሩ ሶፍትዌር በአንድ መለያ አይፈርድም። ሴሪያሉን፣ ማክ አድራሻዎቹን፣ ስሙን አንድ ላይ ይመዝናል፤ ሲጠራጠር ለሰው ያቀርባል። ለመግዛት የሚያወዳድር ሰው «ስንት ዓይነት መሣሪያ ይለያል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ግኝቶችን በምን ደንብ እንደሚያዋህድ፣ በስሕተት የተዋሃደውንም መልሶ መነጠል ይቻል እንደሆነ ቢጠይቅ ይጠቀማል። በሻጭ ማሳያ ላይ የማይታየው፣ ከተገዛ በኋላ ግን የሚያስለቅሰው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የንብረት ክፍል ይረዳል። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ግምጃ ቤት የሚገባው በሞዴል 19፣ የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። ሞዴል 22 ላይ ላፕቶፑን ፈርሞ የወሰደው ሰው ስም አለ፤ አይፒ አድራሻ ግን የለም። ኔትወርኩ በተራው አድራሻውን እንጂ ፈራሚውን አያውቅም። ሁለቱን የሚያገናኘው ሴሪያል ቁጥር ነው። የአይቲ ክፍሉ ዕቃው ሲወጣ ሴሪያሉ ሳይሳሳት እንዲጻፍ ከንብረት ክፍሉ ጋር ቢስማማ ከብዙ ውድ ሶፍትዌር የበለጠ ያተርፋል።

የተገኘው ሁሉ በቀጥታ መዝገብ ውስጥ ይግባ የሚል ፈተናም አለ። በዲጂታልኦሽን ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ኮዱ ክፍት የሆነው ኔትቦክስ የተባለ የመዝገብ ሶፍትዌር ሆን ብሎ ይህን አይከተልም። መዝገቡ የሚይዘው መሆን ያለበትን ነው፤ አዘጋጆቹም ከሚሠራው ኔትወርክ በራስ ሰር እየገለበጡ መሙላትን አይመክሩም። ትክክለኛ አቋም ነው። አንድ ሰው ያለፈቃድ የሰካው ራውተር በራሱ መዝገብ ውስጥ ከገባ በማግስቱ የተፈቀደ ይመስላል። ግኝቱ ከመዝገቡ ጎን ይቀመጥ፣ ልዩነቱ በየቀኑ ይውጣ፣ በእያንዳንዱ ልዩነት ላይ ሰው ይወስን።

ልዩነቱን አለመከታተል ምን እንደሚያስከትል በናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ታይቷል። የናሳ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በጁን 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በኤፕሪል 2018 የተደረሰበት ጥቃት የገባው ሳይፈቀድ ኔትወርኩ ላይ በተሰካ ራስበሪ ፓይ በኩል ነው፤ ከመዳፍ የማይበልጥ ኮምፒውተር። 23 ፋይሎች፣ 500 ሜጋባይት ያህል መረጃ ተወስዷል። ላቦራቶሪው መሣሪያዎች የሚመዘገቡበት ዳታቤዝ ነበረው። ነገር ግን በናሙና የተመረጡትን ሲስተሞች ከሚያስተዳድሩት 11 ባለሙያዎች 8ቱ በራሳቸው ሰንጠረዥ እየያዙ ወደ ዳታቤዙ አልፎ አልፎ ይገለብጡ ነበር። አንዱም ማስገቢያው አንዳንዴ ስለማይሠራ በኋላ ማስገባቱን እንደሚረሳው ተናግሯል። ይህን በስንፍና መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም። መዝገቡ ለሚሞላው ሰው ሥራውን ካላቀለለት ሰውዬው ወደሚቀለው መሄዱ አይቀርም፤ ጥፋቱ ማስገቢያውን ሳያስተካክሉ በተዉት ላይ ነው።

መሣሪያውን ማወቅ ብቻም አይበቃም፤ በውስጡ ያለው ሶፍትዌር መታወቅ አለበት። የአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኤክዊፋክስ በማርች 2017 እ.ኤ.አ. አፓቺ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የደኅንነት ክፍተት እንዳለ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከ400 ለሚበልጡ ሠራተኞች በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያስተካክሉ ኢሜይል ተላከ፤ በማርች 15 የተደረገው ፍተሻም ምንም አላገኘም። ሶፍትዌሩ ግን ነበር። አጥቂዎቹ በሜይ ገብተው 76 ቀን ቆዩ፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወሰደ። የሚወጣውን ትራፊክ መመርመር የነበረበት መሣሪያ የሰርተፍኬቱ ጊዜ ካለፈ 19 ወር ሆኖት ስለነበር አላየም። ስትረትስ የቱ ሰርቨር ላይ እንዳለና የሰርቨሩ ኃላፊ ማን እንደሆነ የሚናገር ሙሉ ዝርዝር ቢኖር ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ወደዚያ ሰው ይሄድ ነበር። ሰርተፍኬትም ከነማለቂያ ቀኑ መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ድግግሞሹ፣ የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲአይኤስኤ በኦክቶበር 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች በራስ ሰር የሚደረገውን ቆጠራ በየ7 ቀኑ እንዲያካሂዱ አዟል። ሰዓቱም ይታሰብበት። የሌሊት ፍተሻ ላፕቶፖችን አያገኝም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ የአንድ ቀን ፍተሻ ቅርንጫፍ ቢሮውን በሙሉ የጠፋ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን ይጻፍለት፤ አንድ ጊዜ ታጣ ተብሎ አይሰረዝ።

በእርጅና የተወገደውም ቢሆን ከመዝገቡ አይወጣም። የተወገደበት ቀን፣ በዲስኩ ላይ የነበረው መረጃ የጠፋበት መንገድና የፈቀደው ሰው ስም ተጽፎ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ በአንድ ሎግ ውስጥ የተገኘ አሮጌ አይፒ አድራሻ የማን እንደነበር ሲጣራ የሚጠየቀው ይህ መዝገብ ነው።