«ሁለት ሽቦ ይበቃል» የሚለው ሥዕል

ስለ አር ኤስ-485 የሚያስተምረውን ሥዕል አይታችሁት ይሆናል፦ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሽቦ፣ አለቀ። ሥዕሉ ያምራል፣ ግን ዋናውን ነገር ትቶታል።

ሐሳቡስ ልክ ነው። መልእክቱ የሚነበበው ከሁለቱ ሽቦዎች የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ ሽቦዎቹ አብረው ከተገመዱ ከሞተር የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ብዙም አይቀየርም። ችግሩ ግን ተቀባዩ የሚችለው ከራሱ ግራውንድ አንጻር ከ-7 እስከ +12 ቮልት ድረስ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ተራርቀው የተተከሉ ፓኔሎች ግራውንዳቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ወሰኑ ሲታለፍ መልእክቱ ይበላሻል፤ ሲብስም ቺፑ ይቃጠላል። ለዚህ ነው የሞድባስ መመሪያ ሦስተኛ፣ የጋራ ሽቦ የሚጠይቀው። ሥዕሉ ላይ የታለች?

የ120 ኦም ሬዚስተሩንም ነገር ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሬዚስተሩ የሚገጠመው በመስመሩ ሁለት ጫፎች ብቻ ነው። እኔ (ሳቁብኝ) በየመሣሪያው ገጥሜ «ለምን አይሠራም?» እያልኩ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ። አስሩ ትይዩ ሲሆኑ 12 ኦም ይሆናሉ፤ ላኪው ቺፕ ግን አቅሙ የሚለካው በ54 ኦም ጭነት ነው።