የሥዕላዊ ታሪክ ጉባኤ የማን ነው?

በውጭው ዓለም «ኮሚክ» የሚባለውን ሥዕላዊ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች በየዓመቱ እየተሰበሰቡ የሚያደርጉት ጉባኤ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ አይደለም የሚሉ አይጠፉም። የልጆች ጨዋታ ነው፤ ቢበዛም የነጋዴ ገበያ ነው ይሉታል። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። አንድ ጥበብ አንባቢዎቹን በምን ዓይነት ቤት እንደሚያስተናግድ መመርመር ጥበቡን ራሱን ከመመርመር የማይተናነስ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ልጆቹንና የቀድሞ ጓደኞቹን ይዞ ወደዚህ ጉባኤ ሲሄድ የሚገባው እንደ ባለቤት ነው ወይስ እንደ ገበያተኛ? የሚለው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ ስለ ጥበቡ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባን ጉዞ በረድፍ በረድፍ ከፋፍለው፣ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ አድርገው የሣሉት የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ሥራ የታወቀ ነው። በአሜሪካ የታየው አዲስ ነገር ይህን አነጋገር በርካሽ ወረቀት እያተሙ በሳንቲም መሸጥ ነበር። ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት «አክሽን ኮሚክስ» ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረ ልጆች በገዛ ገንዘባቸው ገዙት፤ ልጆች በገዛ ገንዘባቸው ስለ ገዙትም ወላጆች ተጠራጠሩት። በ1954 ፍሬድሪክ ወርዛም የተባሉ የአእምሮ ሕመም ሐኪም እነዚህ ጽሑፎች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት አንድ ንዑስ ኮሚቴ ስለ ነገሩ ምስክሮች ሰማ፤ አሳታሚዎቹም የመንግሥት ሕግ ሳይደርስባቸው ብለው ራሳቸውን በራሳቸው የሚቈጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ወርዛም ከሕመምተኞቻቸው ያገኙትን ቃል እየለወጡና እየቀጠሉ እንደ ጻፉ የሐኪሙን መዛግብት አገላብጠው አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው በየቤቱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። በብዙ ቤት ሥዕላዊ ታሪክ ልጅ የሚደብቀው፣ እናት አግኝታ የምትጥለው ነገር ሆነ።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ጥበብ ለአንድ ትውልድ ያህል በወላጅና በልጅ መካከል የቆመ ግድግዳ እንደ ነበረ ነው። ዛሬ አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጉባኤው ሲገባ የምናየው የዚያን ግድግዳ መፍረስ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግድግዳውን ያፈረሰው ማን ነው? የሳይንስ ጥናት አይደለም፤ ጥናቱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ያፈረሰው ወዳጅነት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንዳንድ አሳታሚዎች የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በአንድ ከተማ ብቻውን የሚያነብ ወጣት በሌላ ከተማ ብቻውን ለሚያነብ ወጣት በቀጥታ ለመጻፍ ቻለ። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የተባሉ የዲትሮይት የኮሌጅ መምህር «አልተር ኤጎ» የተባለውን መጽሔት በማባዣ መኪና እያባዙ መላክ ጀመሩ። በ1964 በኒው ዮርክ አንድ አነስተኛ ስብሰባ ተደረገ፤ በ1965 የዲትሮይቱ ጉባኤ ተከተለ። ከዲትሮይት ወደ ካሊፎርኒያ የሄዱት ሼል ዶርፍም አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ከነበሩ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በማርች 1970 በሳን ዲየጎ ከተማ በአንድ ሆቴል የአንድ ቀን ስብሰባ አደረጉ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር የተደረገው የሦስት ቀን ጉባኤ 300 ያህል ሰዎች ተገኙበት፤ ከእንግዶቹም መካከል ሠዓሊው ጃክ ከርቢና ደራሲው ሬይ ብራድቤሪ ነበሩ። ከዚህ እንደምንረዳው ጉባኤውን የመሠረቱት ሻጮች ሳይሆኑ በደብዳቤ ብቻ ይተዋወቁ የነበሩ ወዳጆች ናቸው። የድሮ ጓደኛን ይዞ መሄድ በጉባኤው ላይ የተጨመረ ጌጥ አይደለም፤ መሠረቱ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ ገብተን አንድ ቤተሰብ አብሮ የሚያየውን እንመልከት። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው፣ በብዙ ብርሃን ያሸበረቀው ትልቁ የሻጮች ድንኳን ሳይሆን ሠዓሊዎች በየጠረጴዛቸው የሚቀመጡበት ስፍራ ነው። በዚያ የሚታየው በእጅ የተሣለው ገጽ ከታተመው ይበልጣል። በቀለሙ ሥር የእርሳሱ መስመር ይታያል፤ የተሳሳተው ቦታ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል፤ አንዳንዴም ተቈርጦ የተለጠፈ ወረቀት አለበት። በታተመው መጽሐፍ ይህ ሁሉ ስለሚጠፋ ሥዕሉ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ልጁ ግን በዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ሥዕል የሰው እጅ ሥራ መሆኑን፣ ሰውም እየተሳሳተና እያረመ እንደሚሠራ ይማራል። ይህን ትምህርት በየትኛውም የፊልም ማስታወቂያ አያገኘውም።

ከዚህም ጋር የስም ጉዳይ አለ። እነዚህ ታሪኮች ለብዙ ዓመታት የሠሪው ስም ሳይጻፍባቸው ይታተሙ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ምርጥ የሚባሉትን የዶናልድ ዳክ ታሪኮች የሠሩት ካርል ባርክስ ናቸው፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ የሚነበበው የዲስኒ ስም ብቻ ስለ ነበረ፣ አንባቢዎች የእጃቸውን ሥራ ከሌላው እየለዩ «ጥሩው የዳክዬ ሠዓሊ» ይሏቸው ነበር። ስማቸው የታወቀው በ1960 ገደማ አንባቢዎች ራሳቸው እየጠየቁ ባደረጉት ፍለጋ ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ደግሞ በ1938 መብታቸውን በ130 ዶላር ሸጠው ነበር። በ1975 ሁለቱም አርጅተውና ተቸግረው ሳሉ ሲግል አቤቱታቸውን ለጋዜጦች ጻፉ፤ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሠዓሊዎችም ነገሩን ይዘው ተሟገቱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ዋርነር ኩባንያ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ለመክፈልና ስማቸውን በሥራቸው ላይ ለመመለስ ተስማማ። አንባቢ ሠሪውን በስሙ ካላወቀው፣ ሠሪው ሲበደል የሚጮኽለት አይኖርም። እንግዲህ አባት ልጁን በአንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ፊት አቁሞ «ይህን የሠሩት እኚህ ናቸው» ሲል የሚሰጠው የሥነ ጥበብ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ትምህርት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ምስጋና ነው። አሁን ወደ ነቀፌታው እንለፍ። የሳን ዲየጎው ጉባኤ በ1991 በባሕሩ ዳር ወደ ተሠራው ትልቅ የስብሰባ ማዕከል ተዛወረ፤ የተሰብሳቢውም ቍጥር ከ130,000 በላይ እስኪሆን አደገ። የፊልም ኩባንያዎች ከ6,000 በላይ መቀመጫ ባለው ትልቅ አዳራሽ ገና ያልታዩ ፊልሞቻቸውን ማስተዋወቅ ጀመሩ። ወደዚህ አዳራሽ ለመግባት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ውጭ ተሰልፈው አድረዋል። በዚህ ላይ አንዱ ንግግር አልቆ ሌላው ሲጀመር አዳራሾቹ ባዶ እንዲሆኑ አይደረግም። ስለዚህ አንድ ሰው ከቀትር በኋላ የሚደረገውን ለመስማት ሲል ከጠዋት ጀምሮ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል። በመካከሉ አንድ ያረጀ ሠዓሊ ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ሲናገር፣ ከፊቱ ከተቀመጡት ብዙዎቹ እርሱን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን የሚጠብቁ ናቸው፤ ሊሰሙት የመጡት ደግሞ በር ላይ ቀርተዋል።

ይህ ሥርዓት ቤተሰብን ይበትናል። የስድስት ዓመት ልጅ የአምስት ሰዓት ሰልፍ አይችልም። ስለዚህ አንዱ ወላጅ ይሰለፋል፣ ሌላው ልጁን ይዞ ይዞራል፤ ማታ ሲገናኙ አንዱ ሌላው ያየውን አላየም። የቀድሞ ጓደኞችም ነገር እንዲሁ ነው። መግቢያው በዕጣ መሰል ሽሚያ ስለሚገኝ፣ አንድ ገዢም በአንድ ጊዜ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ለመግዛት ስለሚችል፣ ሠላሳ ዓመት አብረው የሄዱ ስምንት ጓደኞች በአንድ ዓመት አምስቱ ደርሷቸው ሦስቱ ሊቀሩ ይችላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ግን ድሩን የሚበጥሰው ራሱ የበሩ ሥርዓት ሆኗል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ ፊልሙ ባይኖር ይህ ሁሉ ሰው፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ ወደ ጥበቡ ባልቀረቡ ነበር የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። አዘጋጁም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሆኑን፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችም ከከፈለ ዐዋቂ ጋር በነጻ መግባታቸውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ሚዛናችን ይጎድላል። ነገር ግን ልጅን በነጻ ማስገባትና ለልጅ ስፍራ ማዘጋጀት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ነገር ሲያድግ መጨናነቁ የማይቀር ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነውን ከጃፓን እናገኛለን።

በቶኪዮ «ኮሚክ ማርኬት» ወይም በአጭሩ «ኮሚኬት» የተባለው ስብሰባ በዲሴምበር 1975 ሲጀመር 32 ቡድኖችና 700 ያህል ሰዎች ነበሩት። ከ2020 በፊት ግን በሦስት ቀን ውስጥ ከ500,000 በላይ ጎብኚ ይቈጠርበት ነበር፤ ይህም ከሳን ዲየጎው እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ከጥንት ጀምሮ የጸና አንድ ደንብ አለው፤ ይኸውም ሻጩም፣ ገዢውም፣ በበጎ ፈቃድ የሚያስተናብረውም ሁሉ «ተሳታፊ» ይባላል፤ «ደንበኛ» የሚባል ሰው የለም። በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበውም በአብዛኛው ተሳታፊዎቹ በራሳቸው ወጪ ያሳተሙት ሥራ ነው። ማኅበር የሚጠጣ የአገራችን ሰው ይህን ሳይነገረው ይረዳዋል፤ ዛሬ ተጋባዥ የሆነው ነገ ደጋሽ ነውና። እርግጥ ኮሚኬትም ረጅም ሰልፍና የሚያስጨንቅ ሙቀት አለበት፤ ሁሉም ሥራ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ያስረዳናል፤ ሰውን ከባለቤትነት ወደ ገበያተኛነት የሚያወርደው የሕዝቡ ብዛት ሳይሆን የአዘጋጁ አሳብ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለን። በ2020ና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት የሳን ዲየጎው የበጋ ጉባኤ በአካል አልተደረገም፤ በምትኩ ንግግሮቹ በኢንተርኔት በነጻ ቀረቡ። ሰልፍ አልነበረም፤ ዕጣ አልነበረም፤ ማንም ከቤቱ ሆኖ ሁሉን ለመስማት ይችል ነበር። የጉባኤው ፍሬ ማስታወቂያውና ንግግሩ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ በዚያው በረካ ነበር። ነገር ግን በ2022 በሩ እንደገና ሲከፈት ሰዉ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። የጎደለው ንግግሩ ሳይሆን አብሮ መቀመጡ ነበር ብለን ብንደመድም ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ስለ አልባሳቱም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። በሳን ዲየጎ ከ1974 ጀምሮ የሚደረገው የአልባሳት ውድድር ሰዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መስለው የሚታዩበት ነው። አንዳንዶች ዐዋቂ ሰው እንዲህ መልበሱን ያፌዙበታል። እኛ ግን መለየት የሚገባው የተሰፋውንና የተገዛውን ነው እንላለን። እናትና ልጅ ብዙ ማታ ተቀምጠው ካርቶን ቈርጠው፣ ጨርቅ ሰፍተው ያዘጋጁት ልብስ ቢንጋደድም እንኳ የንባብ ፍሬ ነው፤ አንብበው ተርጕመውታልና። ከሱቅ ተገዝቶ የመጣው ግን የተከፈለበት ደረሰኝ ብቻ ነው።

በጠቅላላው የምንፈርደው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ጉባኤ መመዘን ያለበት በተሰብሳቢው ቍጥር ወይም በመጡት የፊልም ተዋንያን ስም አይደለም። ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ አብረው የመጡ ሰዎች አብረው ለመቈየት ይችላሉን? ልጅ ሠሪውን በስሙ ዐውቆ ይመለሳልን? ከተሰብሳቢው መካከል በሚመጣው ዓመት የራሱን ሥራ በጠረጴዛ ላይ ሊያኖር የሚደፍር ይወጣልን? የሳን ዲየጎው ጉባኤ ሁለተኛውን በሚገባ፣ ሦስተኛውን በመጠኑ ይመልሳል፤ በመጀመሪያው ግን ይወድቃል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። «ጀምበር» የተባለው የኢትዮጵያዊ ጀግና ሥዕላዊ ታሪክ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከታተመ ወዲህ፣ ይህን ጥበብ በቋንቋችን የሚሠሩና የሚያነቡ ወጣቶች አሉ። እነርሱም አንድ ቀን መሰብሰባቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ከትልቁ አዳራሽ አስቀድመው ስለ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ቢያስቡ፣ አያት፣ አባት፣ ልጅና የልጅነት ጓደኛ ጐን ለጐን ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ የሚገልጡበትን ስፍራ አስቀድመው ቢያዘጋጁ፣ ሌሎች በሃምሳ ዓመት ያጡትን እነርሱ በመጀመሪያው ዓመት ያገኙታል።